ከአንጎል እስከ ዘር ፍሬ፦ ስለ ወንዶች ሆርሞን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ወንድ ሆርሞን ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ ስም ነው፤ ቴስቶስትሮን። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ «ስንት ነው? እንዴት ከፍ ላድርገው?» ከሚለው አያልፍም። ቴስቶስትሮን ግን ብቻውን የሚሠራ ነገር አይደለም። ከላይ የሚያዙት፣ በጎን የሚያደናቅፉት፣ እሱም ተመልሶ የሚገታቸው ሌሎች ሆርሞኖች አሉ። እነዚህ መልሶች በተለይ ልጅ መውለድ ለሚያስቡ ወንዶችና ለትዳር አጋሮቻቸው የተጻፉ ናቸው፤ ይህን ግንኙነት አለማወቅ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚያ ላይ ነውና።

የወንድን የመራቢያ አካል የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች የትኞቹ ናቸው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንጎል ሥር ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ጂኤንአርኤች የተሰኘ፣ ከ10 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ትንሽ ሆርሞን ያመነጫል። የዚህን ሆርሞን አወቃቀር ለማወቅ አንድሪው ሻሊ የአሳማ፣ ሮዤ ጊልማ ደግሞ የበግ አንጎል በብዙ መቶ ሺህ ሰብስበው ለዓመታት ተፎካክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ጂኤንአርኤች በጣም አጭር በሆነ የደም ሥር መስመር ወርዶ፣ ግማሽ ግራም ያህል የምትመዝነውን የፒቱታሪ ዕጢ ይቀሰቅሳል። ፒቱታሪም በበኩሏ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። የሁለቱም መድረሻ የዘር ፍሬ ነው፤ የሚያዙት ሕዋስ ግን ለየቅል ነው።

ኤልኤች የሚያዘው ላይዲግ የሚባሉትን ሕዋሳት ነው፤ እነሱም ቴስቶስትሮን ያመርታሉ። ኤፍኤስኤች የሚያዘው ደግሞ ሰርቶሊ የሚባሉትን ነው፤ እነዚህ በማደግ ላይ ያለውን ስፐርም ከበው የሚመግቡና የሚያሳድጉ ናቸው። ጀርመናዊው ላይዲግ በ1850፣ ጣሊያናዊው ሰርቶሊ በ1865 (እ.ኤ.አ.) እነዚህን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ አይተው ሲገልጹ «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ቴስቶስትሮን ወደ ደም ገብቶ ለጡንቻ፣ ለአጥንት፣ ለድምፅ፣ ለጢምና ለወሲብ ፍላጎት ይሠራል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው እዚያው ዘር ፍሬ ውስጥ የሚቀረው ነው። በዘር ፍሬ ውስጥ ያለው የቴስቶስትሮን ክምችት በደም ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ 100 እጥፍም ሊደርስ ይችላል። ስፐርም እንዲመረት የሚያስፈልገው ይህ በቦታው ያለው ከፍተኛ መጠን ነው። ስለ መርፌ ስንነጋገር ይህች ነጥብ ታስፈልገናለች።

መጠኑ እንዳይበዛና እንዳያንስ የሚቆጣጠረው ማነው?

ራሱ ምርቱ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ የሚገባውን ውሃ ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ወርዶ ይከፍታል። ቴስቶስትሮንም በደም ውስጥ ሲበዛ ሃይፖታላመስንና ፒቱታሪን ይገታል፤ ጂኤንአርኤችና ኤልኤች ይቀንሳሉ። ሲያንስ ግን ሁለቱም ይጨምራሉ።

ኤፍኤስኤች ከዚህ ሌላ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው። ሰርቶሊ ሕዋሳት ሥራቸው በደህና ሲካሄድ ኢንሂቢን ቢ የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ፤ እሱም ፒቱታሪ ዘንድ ደርሶ ኤፍኤስኤችን ለይቶ ይቀንሳል። ስለዚህ የስፐርም ማምረቻው ሲጎዳ ኢንሂቢን ቢ ይወርዳል፣ ኤፍኤስኤች ይወጣል። ብዙ ሰው ከፍ ያለ የኤፍኤስኤች ውጤት ይዞ ደስ ብሎት ይመጣል፤ «ከፍ ማለቱ ጥሩ አይደል?» ይላል። ጥሩ አይደለም። ከላይ ትዕዛዙ እየበረታ፣ ዘር ፍሬው ግን ትዕዛዙን መፈጸም አቅቶታል ማለት ነው።

ጂኤንአርኤች በየተወሰነ ሰዓት ነው የሚለቀቀው ይባላል። ያለማቋረጥ ቢለቀቅ ምን ይሆናል?

ሥራው ይቆማል። በጤናማ ወንድ ጂኤንአርኤች የሚለቀቀው በየአንድ ሰዓት ተኩል፣ በየሁለት ሰዓት ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፒትስበርግ ኤርነስት ኖቢልና ባልደረቦቹ ሆርሞኑን ለጦጣዎች ሳያቋርጡ ሲሰጡ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ወረዱ፤ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሰጡ ግን ተመለሱ። ፒቱታሪ የምትሰማው በመካከሉ ፋታ ሲኖር ነው።

ይህ ግኝት ዛሬ ለታካሚዎች የዕለት ተዕለት ጥቅም እየሰጠ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሚያድገው በቴስቶስትሮን ስለሆነ፣ ለታማሚው ሊዩፕሮላይድ ወይም ጎሰረሊን የሚባል መርፌ ይሰጣል። መድኃኒቱ ጂኤንአርኤችን ይመስላል፤ ግን ሳያቋርጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቴስቶስትሮን ጭራሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ፒቱታሪ ደንዝዛ፣ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ቴስቶስትሮን ዘር ፍሬው በቀዶ ሕክምና የወጣ ያህል ይወርዳል። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ይህን መርፌ ጀምረው ድንገት ሙቀት ሽው እያለ ላብ የሚያጠምቃቸው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለሐኪማቸው ይንገሩት፤ ማስታገሻ አለው።

ጂም ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚወጉ አሉ። የወንድ ሆርሞን ከሆነ ዘርንም አይጨምርም?

አይጨምርም፤ ያደርቃል። ከዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን እንዲያነብ እፈልጋለሁ።

ሮቶው ላይ ከውጭ በጀሪካን ውሃ ቢጨመርበት ተንሳፋፊው ውሃው ከየት እንደመጣ አይለይም፤ መስመሩን ይዘጋል። በመርፌ የገባ ቴስቶስትሮንም እንዲሁ ነው። ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ «በቂ አለ» ብለው ኤልኤችንና ኤፍኤስኤችን ያቆማሉ። ኤልኤች ሲቆም ላይዲግ ሕዋሳት ሥራ ይፈታሉ፤ በዘር ፍሬ ውስጥ የነበረው ከፍተኛ ክምችትም ይሟጠጣል። ከውጭ የገባው በደም ይዘዋወራል እንጂ ያንን ክምችት አይተካም። በወረቀት ላይ ቁጥሩ ያማረ ነው፣ ጡንቻው ይወጣል፣ ፍላጎትም ይኖራል፤ ስፐርም ግን የለም። ዘር ፍሬውም ያንሳል፣ ይለሰልሳል፤ አብዛኛው መጠኑ የስፐርም ማምረቻ ቱቦ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ በሰዎች ላይ አስጠንቶታል። ጤናማ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ኢናንቴት እየተወጉ ለወንዶች የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ ታይቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ፈሳሽ ውስጥ በስድስት ወር ጊዜ አንድም ስፐርም ታጣ። ጂም ውስጥ የሚወሰደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ መጠን ይበልጣል፤ ናንድሮሎንና መሰል የጡንቻ ማሳደጊያ ስቴሮይዶችም ይደረቡበታል። (በሁሉም ወንድ ላይ ስለማይሠራ እንደ መከላከያም ሊተማመኑበት አይገባም።)

ሲቆምስ ይመለሳል? በአብዛኛው አዎ፤ በቶሎ ግን አይደለም። አንድ ስፐርም ከመነሻው እስኪሠራ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ኤፒዲዲሚስ በሚባለው ቱቦ አልፎ መዋኘት እስኪችል ሌላ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። ይህም የሚቆጠረው ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ከተመለሱ ወዲህ ነው። ብዙዎች ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዶች እስከ ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። ለዓመታት በከፍተኛ መጠን ከወሰዱት መካከል ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸው አሉ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ራሱ ከባድ ነው፤ መርፌው ቆሟል፣ የሰውነቱ ምርት ገና አልተነሳም፤ ድካም፣ መደበት፣ የፍላጎት መጥፋት ይመጣል። ብዙዎች ወደ መርፌው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ብቻችሁን አትወጡት፤ የሆርሞን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ጂሞች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን «ይደክመኛል» ብሎ ክሊኒክ ገብቶ የቴስቶስትሮን ጄል ይዞ ሊወጣ ይችላል። በሐኪም መታዘዙ በስፐርም ላይ የሚያደርሰውን አይለውጠውም። ልጅ የምታስቡ ከሆነ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እንኳ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት።

የላቦራቶሪ ውጤቴን እንዴት ላንብበው?

አስቀድሞ ደሙ መቼ እንደተቀዳ እዩ። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ በወጣቶች ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በባዶ ሆድ ቢቀዳ ነው የሚታመነው። ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ ተቀድቶ ዝቅ ቢል ብዙ አያስደነግጥም። ጠዋት ተቀድቶ ዝቅ ቢልም በሌላ ቀን መደገም አለበት። ብዙ ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ወንድ በዴሲ ሊትር ከ300 እስከ 1000 ናኖ ግራም ገደማ ይጽፋሉ፤ በናኖ ሞል የሚጽፉት ደግሞ ከ10 እስከ 35 አካባቢ ያስቀምጡታል። መለኪያውን ሳታዩ የጓደኛችሁን ቁጥር ከእናንተ ጋር አታወዳድሩ።

አሁን ለምሳሌ ያህል ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በሦስቱም ላይ ቴስቶስትሮን 250 ነው።

በመጀመሪያው ወረቀት ኤልኤች 22፣ ኤፍኤስኤች 35 ይላል። ሁለቱም ከልክ በላይ ናቸው። ትዕዛዙ በርትቷል፤ ችግሩ ዘር ፍሬው ላይ ነው። ኬሞቴራፒ፣ አደጋ፣ ወይም ተጨማሪ የኤክስ ክሮሞዞም ይዞ መወለድ (ክላይንፌልተር ይባላል) እንዲህ ያደርጋል። ክላይንፌልተር ከ600 ወንዶች በአንዱ ገደማ የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚያውቁት ልጅ ሲያጡ ነው።

በሁለተኛው ኤልኤች 1፣ ኤፍኤስኤች 1.2 ነው። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ሳለ እነዚህ መጨመር ነበረባቸው፤ አልጨመሩም። ስለዚህ ችግሩ ከላይ፣ ከፒቱታሪ ወይም ከሃይፖታላመስ ነው። ሐኪሙ ፕሮላክቲን የሚባለው ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞን እንዲለካ ያዛል፣ ኤምአርአይም ሊያስፈልግ ይችላል። ጉርምስናው ጨርሶ ያልመጣ ወጣት ከሆነ ደግሞ «ሽታ ትለያለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ያስገርም ይሆናል፤ ግን ጂኤንአርኤች የሚያመነጩት ነርቮች በጽንስ ጊዜ የሚነሱት ከአፍንጫ አካባቢ ነው፤ ከማሽተቻው ነርቭ ጋር ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ጉዟቸው ሲሰናከል ልጁ ሽታም አይለይ፣ በጊዜውም አይጎረምስ። ይህ ካልማን ሲንድረም ይባላል።

ሦስተኛው ወረቀት ውፍረት ያለበት ሰው ውጤት ነው፤ ኤልኤች 4 ነው፣ ደህና። በደም ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን ነፃ ሆኖ የሚዘዋወረው ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው ኤስኤችቢጂ ከሚባል ፕሮቲንና ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ውፍረትና የስኳር በሽታ ኤስኤችቢጂን ስለሚቀንሱ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ነፃው ሲለካ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መርፌ አያስፈልገው ይሆናል።

አራተኛም ልጨምር። ቴስቶስትሮን 1400፣ ኤልኤች ከ0.1 በታች። ይህን ያየ ሐኪም «ምን እየወሰድክ ነው?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ንገሩት።

ኢስትሮጅን የሴት ሆርሞን አይደለም እንዴ? በወንድ ደም ውስጥ ምን ይሠራል?

ወንድም ይፈልገዋል። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ በተለይ በስብ ውስጥ፣ ከቴስቶስትሮን ጥቂቱን ዋናው ኢስትሮጅን ወደሆነው ኢስትራዳዮል ይቀይራል። ሃይፖታላመስንና ፒቱታሪን ከሚገታው ኃይል ትልቁ ክፍል ይኸው ኢስትራዳዮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሕክምና መጽሔት የወጣ የአንድ ሰው ታሪክ ደግሞ ስለ አጥንት አስተማረ። ሰውየው የ28 ዓመት ጎልማሳ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ4 ሴንቲ ሜትር፣ አጥንቱ ግን እንደ 15 ዓመት ልጅ ገና ያልተዘጋ፣ ከዚያም በላይ የሳሳ ነበር። ቴስቶስትሮኑ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ሰውነቱ ኢስትሮጅንን የሚቀበልበት ሪሴፕተር ነበር።

ሲበዛ ግን ይጎዳል። በውፍረትና በጉበት መጥናት ጊዜ የወንድ ጡት ሊያብጥ ይችላል። በጉርምስና መጀመሪያ የልጆች ጡት ጠጠር ብሎ ማበጡ ደግሞ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ልጁ ሸሚዝ ማውለቅ አፍሮ ከዋናና ከኳስ ሲሸሽ ካያችሁ ይህን ንገሩት፤ በጣም ይገላግለዋል።

ራሰ በራ ወንድ ሆርሞኑ ብዙ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ቴስቶስትሮን በቆዳና በፕሮስቴት ውስጥ ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይለወጣል። ፀጉሩ የሚሳሳው የፀጉሩ ሥር በዘር በወረሰው ባሕርይ ለዲኤችቲ ስስ ስለሆነ ነው። ፊናስቴራይድ የሚባለው መድኃኒት የሚያግደው ይህን ለውጥ ነው፤ ለዚህም ነው ለፀጉርም ላበጠ ፕሮስቴትም የሚታዘዘው።

ፕሮላክቲን ለወንድ የሚለካው ለምንድን ነው?

ከፍ ሲል ጂኤንአርኤችን ስለሚያፍነው ነው፤ ተከትሎም ኤልኤች፣ ቴስቶስትሮንና የወሲብ ፍላጎት ይወርዳሉ። ምክንያቱ የፒቱታሪ ዕባጭ ሊሆን ይችላል፤ ዕባጩ ካደገ ራስ ምታትና የዳር ዳር ዕይታ መጥፋት ያመጣል። ብዙ ጊዜ ካለ ቀዶ ሕክምና ካበርጎሊን በሚባል ክኒን ይድናል። መድኃኒቶችም ያስነሱታል፦ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ምክንያት በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም አደራ። ሐኪሙ የሚቀይርለት ሌላ አለ።

ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ነበር። ልጅ አልወልድም ማለት ነው?

በልጅነት፣ ከጉርምስና በፊት ከሆነ አትጨነቁ። ከጉርምስና በኋላ ሲይዝ ዘር ፍሬን ሊያሳብጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ቢይዝ የስፐርም ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ መካን መሆን ጥቂቶችን ብቻ የሚያጋጥም ነው። ፈሳሹን ማስመርመርና ኤፍኤስኤች ማስለካት ጥርጣሬውን ይፈታዋል።

አብሽ፣ እንቅልፍ፣ ስፖርት፦ የትኛው ይጠቅማል?

ከሦስቱ እንቅልፉን አስቀድማለሁ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 10 ጤናማ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። ውፍረት ላለበት ሰው ደግሞ ክብደት መቀነስ ቴስቶስትሮንን በግልጽ ይጨምራል። አብሽ በውጭ አገር በካፕሱል ተጭኖ የቴስቶስትሮን ማሳደጊያ እየተባለ ይሸጣል፤ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ስለሆኑ ገንዘብ የሚያወጣ ማስረጃ አይደሉም። እንደ ምግብ ግን ብሉት፣ ጠጡት። በቴሌግራም ስሙና ይዘቱ ሳይጻፍበት የሚሸጥ «የወንድ ማጠንከሪያ» ግን ምን እንደተጨመረበት ስለማይታወቅ ባትነኩት ይሻላል።

በዕድሜስ ይቀንሳል?

ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ በዓመት 1 በመቶ ገደማ። ብዙ ወንዶች ምንም ሳይሰማቸው ያረጃሉ።

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን፣ ልጅ አልመጣም። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ብቻ ብትመረመርስ?

«ደህና ነኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በወሲብ ላይ ችግር ስለሌለ ነው። ከላይ እንዳየነው ፍላጎትና ጥንካሬ የሚፈልጉት የደሙን ቴስቶስትሮን ነው፤ ስፐርም የሚፈልገው የዘር ፍሬውን ክምችትና ኤፍኤስኤችን ነው። አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሾቹ ገደማ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ አለበት። እንዲህም ሆኖ በአገራችን ከሐኪም ሐኪም የምትንከራተተው፣ የአማት ፊት የሚጠቁርባት፣ አንዳንዴም የምትፈታው እሷ ናት። ባልየው አንድ ቀን በብልቃጥ የሚሰጠው ናሙና ግን አያምም፣ ከእሷ ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸርም ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም እንደ ዝቅተኛ መነሻ ይያዛል፤ ከዚያ በታች ቢሆንም የወለዱ አሉ፣ በላይ ሆኖም የዘገየባቸው አሉ። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ጀምሩ።

ከአንጎል የሚመጣው ትዕዛዝ የጎደለው ሰው ሕክምና አለው?

አለው፤ በወንዶች መካንነት ውስጥ በመድኃኒት በደንብ ከሚታከሙት አንዱ ይህ ነው። ችግሩ ከላይ ስለሆነ ዘር ፍሬው ራሱ ትዕዛዝ ቢያገኝ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቴስቶስትሮን አይሰጠውም፤ የጎደለው ትዕዛዝ ነው የሚሰጠው። ኤልኤችን የሚተካው ኤችሲጂ ነው፤ በእርግዝና ምርመራ ሽንት ውስጥ የሚፈለገው ያው ሆርሞን፣ ከኤልኤች ጋር አንድ ሪሴፕተር ስለሚጋራ ላይዲግ ሕዋሳትን ያስነሳል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ለጥቂት ወራት ታይቶ ስፐርም ካልመጣ ኤፍኤስኤች ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ መድኃኒቱም ውድ ነው። ቁጥሩ ከመደበኛው በታች ቢቀርም ብዙዎቹ በተፈጥሮ መንገድ ይወልዳሉ። ስፐርም ሲገኝ ጥቂቱን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ይመከራል፤ ልጅ ተወልዶ ወደ ቴስቶስትሮን ሲመለሱ ለሁለተኛው ልጅ ከዜሮ እንዳይጀምሩ።